የቤዝ ጊታርን ድምፅ ለማሻሻል ከየት ይጀመር? ከክሩ ወይስ ከፒክአፑ?

ቤዝ ጊታር በባንድ ውስጥ ስሙ ብዙም የማይነሣ፣ ሲጎድል ግን ሁሉም ሰው የሚያውቀው መሣሪያ ነው። ዘፋኙን የሚያደንቅ አድማጭ ቤዙን ለይቶ ላያዳምጠው ይችላል፤ ቤዙ የታፈነ ወይም ያለ ቅጥ የሚያጓራ ሲሆን ግን ድራሙም ኪቦርዱም አብሮ ይበላሻል። ይህን የሚያውቁ፣ በተለይም ቀን ቢሮ ውለው ማታና ቅዳሜ እሑድ የሚጫወቱ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚያነሡልኝ ጥያቄ አለ። «ቤዜ ድምፁ አልጥም አለኝ፤ ፒክአፑን ልቀይረው?» የሚል ነው።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ኪስ የሚነካ ነው። ስም ያለው የቤዝ ፒክአፕ በውጭ ገበያ አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 200 ዶላር ይሸጣል። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የአንድ ዶላር ዋጋ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። አንድ ሙሉ የቤዝ ክር ግን በአብዛኛው ከ20 እስከ 40 ዶላር ይገኛል። በመሆኑም የቱ እንደሚቀድም ሳያውቁ ፒክአፕ ማዘዝ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆናል።

የእኔ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። መጀመሪያ ክሩ፣ ቀጥሎ የመሣሪያው ማስተካከያ፣ በመጨረሻ ፒክአፑ። ምክንያቱን ከነአሠራሩ ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ

የኤሌክትሪክ ቤዝ ድምፅ የሚነሣው ከክሩ ንዝረት ነው። ፒክአፕ የሚባለው ከክሩ ሥር የተቀመጠ ማግኔት ሲሆን፣ በዙሪያው እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺዎች የሚቆጠር ዙር ተጠምጥሞበታል። የብረቱ ክር ሲንቀጠቀጥ የማግኔቱን መስክ ያናውጠዋል፤ በዚህም የተነሣ በሽቦው ውስጥ እጅግ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጠራል። ይህ ኃይል በቮሊዩምና በቶን መቆጣጠሪያዎቹ በኩል አልፎ በኬብል ወደ አምፕሊፋየር ይሄዳል፤ እዚያም ጎልብቶ ስፒከሩን ያንቀሳቅሳል።

እንግዲህ ተናጋሪው ክሩ ነው፤ ፒክአፑ ሰሚ ነው። ሰሚው የቱንም ያህል ጥሩ ጆሮ ቢኖረው ተናጋሪው ያላለውን ሊሰማ አይችልም።

በቁጥር ብናየው ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በባለ 4 ክር ቤዝ ላይ ወፍራሙ «ኢ» ክር ሳይያዝ ሲመታ በሰከንድ ወደ 41 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። «ኤ» 55፣ «ዲ» 73፣ «ጂ» ደግሞ 98 ጊዜ ይንቀጠቀጣሉ። ይሁን እንጂ «ኢ» ክር የሚያሰማው 41ን ብቻ አይደለም። ከዚሁ ጋር እጥፉን 82፣ ሦስት እጥፉን 123፣ አራት እጥፉን 164፣ እያለ ወደ ላይ የሚሄዱ ተከታይ ድምፆችን አብሮ ያሰማል። አንዱን ቤዝ ጥርት ያለ፣ ሌላውን የደነዘዘ የሚያሰኙት እነዚህ ተከታይ ድምፆች ናቸው። ክር ሲያረጅ በቅድሚያ የሚሞቱትም እነርሱ ናቸው። በሞተ ክር ላይ 150 ዶላር የወጣበት ፒክአፕ ቢገጠም የሚገኘው ያው የሞተ ድምፅ ነው፤ ምናልባት ጮክ ብሎ ይሰማ ይሆናል።

ክር ለምን ያረጃል?

የቤዝ ክር አንድ ወጥ ሽቦ አይደለም። መሐሉ ጠንካራ የብረት ሽቦ ሲሆን በላዩ ሌላ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። በጥምጥሙ መካከል ባሉት ክፍተቶች የእጅ ላብ፣ ቅባትና ብናኝ ይገባል። ያን ጊዜ ክሩ በአንዱ ቦታ ከባድ፣ በሌላው ቀላል ይሆንና ንዝረቱ ይዛባል። ላቡ ብረቱን ያዝገዋል። ፍሬቶቹም ክሩን ከሥር እየበሉ ይሸረሽሩታል።

ክሩ ማለፉን ለማወቅ 3 ምልክቶች ይበቃሉ። አንደኛ፣ ከተመታ በኋላ ድምፁ ቶሎ ይከስማል። ሁለተኛ፣ ክሩ ሳይያዝ በትክክል ተቃኝቶ 12ኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ ቅኝቱ ይዛባል። ሦስተኛ፣ ጣትን ከክሩ ሥር ሲያስኬዱት ጎርበጥ የሚል ስርጉድ ወይም ጥቁር የዝገት ነጠብጣብ ይገኛል።

በየቀኑ የሚለማመድ ሰው የተለመደውን ሸካራ ክር ብርሃኑን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊያጠፋው ይችላል። ዕድሜውን ለማራዘም የሚያስፈልገው ርካሽ ነገር ነው፤ ከጨዋታ በፊት እጅ መታጠብ፣ ከጨዋታ በኋላ ክሩን ከላይም ከሥርም በደረቅ የጥጥ ጨርቅ መጥረግ። ክሩን ፈትቶ በውኃ ቀቅሎ መልሶ መግጠምም የታወቀ ዘዴ ነው። ቅባቱ ስለሚለቅ ድምፁ ለጥቂት ቀናት ይነቃል፤ በሚገባ ካልደረቀ ግን ዝገቱን ያፋጥናል። የተሸረሸረውን ብረት ደግሞ መቀቀል አይመልሰውም። እኔ ይህን ዘዴ ሌላ ክር እስኪገኝ ድረስ ብቻ እንደ ማቆያ አየዋለሁ።

የክር ዓይነቶች

ገበያ ላይ ያሉት ክሮች በዋናነት በላያቸው በተጠመጠመው ሽቦ ቅርጽ ይለያያሉ።

ራውንድዋውንድ፦ ጥምጥሙ ድቡልቡል ሽቦ ነው። ሲዳሰስ ሸካራ ነው። ድምፁ ብሩህና ጉልህ ሲሆን፣ ጣት ሲንሸራተትበት የመፋቅ ድምፅ ያሰማል። ዛሬ አብዛኞቹ አዳዲስ ቤዞች ከፋብሪካ የሚወጡት በዚህ ነው።

ፍላትዋውንድ፦ ጥምጥሙ ጠፍጣፋ ስለሆነ እንደ መስታወት ይለሰልሳል። ድምፁ ጎርናና፣ ረጋ ያለ፣ ጅማሬው ላይ «ዱም» የሚል ነው። ቆሻሻ የሚገባበት ክፍተት ስለሌለው ለዓመታት ያገለግላል። ብዙውን ጊዜ ዋጋውም ውጥረቱም ከፍ ይላል።

ግራውንድዋውንድ፦ ድቡልቡሉ ጥምጥም ከተሠራ በኋላ ላዩ ተሞርዶ የለሰለሰ ነው። ድምፁም ስሜቱም በሁለቱ መካከል ነው።

በናይለን የተጠቀለለ፦ ብረቱ ላይ የናይለን ሽፋን አለው። መሐሉ ብረት ስለሆነ ማግኔቱ ይሰማዋል። ድምፁ ወደ ትልቁ የእንጨት ኮንትራባስ ያዘነብላል።

ከቅርጹ ሌላ ብረቱም ለውጥ ያመጣል። ስቴንለስ ስቲል ከሁሉም ብሩህ ነው፤ ነገር ግን ጠንካራ ስለሆነ ፍሬቱን ፈጥኖ ይበላል። ኒኬል የተቀባ ብረት መካከለኛ ሲሆን ለጀማሪም ለባለሙያም ይስማማል። ንጹሕ ኒኬል ይበልጥ የለሰለሰ ድምፅ አለው። እንደ ኤሊክሰር ያሉ ድርጅቶች ላቡን የሚከላከል ስስ ሽፋን ያላቸውን ክሮች ያመርታሉ፤ ዋጋቸው ቢወደድም ክር እንደልብ በማይገኝበት አገር ላለ ሰው ሒሳቡ ሊያዋጣ ይችላል።

ክር የድምፅን መልክ ምን ያህል እንደሚለውጥ ለማየት 3 ታዋቂ ቤዚስቶችን መጥቀስ ይበቃል። በዲትሮይት የሞታውን ኩባንያ ሙዚቀኛ የነበረው ጄምስ ጄመርሰን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተጫወተው በ1962 በተሠራ የፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ ላይ፣ ላቤላ በተባለው ወፍራም ፍላትዋውንድ ክር ነበር። ክሩ ካልተበጠሰ በቀር አይቀይረውም ነበር ይባላል። በእንግሊዝ የ«ዘ ሁ» ቤዚስት ጆን ኤንትዊስል ደግሞ የተቃራኒውን መንገድ ያዘ፤ እንደ ፒያኖ የሚያስተጋባ ብሩህ ድምፅ ፈልጎ እ.ኤ.አ. በ1966 ከሮቶሳውንድ ኩባንያ ጋር በመሥራት ዛሬም የሚሸጠው ራውንድዋውንድ ክር እንዲሻሻል አደረገ። ጃኮ ፓስቶሪየስ በበኩሉ ፍሬቱ በወጣለት የ1962 ጃዝ ቤዝ ላይ ይኸንኑ የሮቶሳውንድ ክር ወጠረበት። ሸካራው ክር እንጨቱን እንዳይፍቀው የአንገቱን ገጽ ለጀልባ በሚሠራ ኢፖክሲ ሸፈነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው የመጀመሪያ አልበሙ የሚሰማው ዘፋኝ መሰል ድምፅ የተገኘው ከእነዚህና ከጣቶቹ ነው።

ከሦስቱ ሁለቱ ቤዞች በአንድ ፋብሪካና በአንድ ዓመት የተሠሩ መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ውፍረትና ርዝመት

የክር ውፍረት በማሸጊያው ላይ የሚጻፈው በኢንች ሺኛ ነው። የተለመደው 45-65-85-105 የሚባለው ሲሆን፣ ቀጭኑ 1.14 ሚሊ ሜትር፣ ወፍራሙ 2.67 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። 40-100 ለጣት ይቀላል፤ ለፈጣን ጨዋታም ይመቻል። ወፍራም ክር ይበልጥ ይወጠራል፤ ድምፁም ይሞላል፤ ነገር ግን የግራ እጅን ያደክማል። አራቱ ክሮች በአንድነት አንገቱን ወደ 80 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ስለሚጎትቱት፣ ውፍረት ሲቀየር አንገቱም መስተካከል ይኖርበታል።

ርዝመትም መረሳት የለበትም። በአብዛኛው ቤዝ ላይ ክሩ የሚንቀጠቀጥበት ርዝመት 34 ኢንች ወይም 86.4 ሴንቲ ሜትር ነው። አጭር የሚባለው ቤዝ 30 ኢንች ገደማ ነው። ከዋሽንግተንም ሆነ ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ክር እንዲያመጣልዎ ሲጠይቁ፣ «የቤዝ ክር» ብሎ ማዘዝ አይበቃም። የክሩን ብዛት፣ ርዝመት፣ ውፍረትና ዓይነት ጽፈው ይላኩ። የታወቁ ምርቶች ሐሰተኛ ቅጂ በየአገሩ ስለሚሸጥ ዋጋው ከወትሮው በጣም የወረደ ክር ሲገኝ መጠርጠር ደግ ነው። ዳዳሪዮ የተባለው አምራች ለዚሁ ሲል እውነተኛነቱ የሚረጋገጥበት ኮድ በማሸጊያው ውስጥ ያስቀምጣል።

ለእኛ ሙዚቃ የትኛው ይስማማል?

እዚህ ላይ የማቀርበው የግል አስተያየቴን ነው። በችክችካ ምት ላይ ቤዙ ከከበሮው ጋር እኩል ይወድቃል፤ ድምፁ የሚያበቃበት ቦታ ከሚጀምርበት ቦታ ያላነሰ ዋጋ አለው። ድምፁ ረዝሞ ቀጣዩ ምት ላይ ከተንጠለጠለ ጭፈራው ይከብዳል። ለዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ፍላትዋውንድ፣ ወይም ጥቂት የተጫወቱበት የኒኬል ራውንድዋውንድ እመርጣለሁ። ትዝታን በዝግታ ለሚጫወት፣ ድምፁ እንዲቆይ ለሚፈልግ ደግሞ አዲስ ራውንድዋውንድ ይሻላል። አውራ ጣት እየመቱ ለሚጫወቱት ዘመናዊ ስልት ስቴንለስ ስቲል ተስማሚ ነው።

በአይቤክስ፣ በኋላም በሮሃ ባንድ ቤዝ የተጫወተውን ጆቫኒ ሪኮን ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ይረዳል። የቤዙ መስመር ግልጽ ሆኖ የሚሰማው ቦታውን ስለሚያውቅና ሌላውን ስለማይሸፍን ነው። ክርና ፒክአፕ ይህን ያግዛሉ እንጂ አይተኩም።

ክሩ ሲቀየር

አዲሱን ክር በመቃኛ ቁልፉ ላይ ከ2 እስከ 3 ዙር እንዲጠመጠም አድርገው ይለኩት፤ በአብዛኛው ከቁልፉ አልፎ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ትርፍ ይበቃል። ከመቁረጥዎ በፊት ክሩን በቀኝ ማዕዘን እጠፉት፤ ሳይታጠፍ ከተቆረጠ ጥምጥሙ ሊላላና ክሩ ሊሞት ይችላል። ፍላትዋውንድ ላይ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ክሩ ተወጥሮ ከተቃኘ በኋላ 3 ነገሮች ይታያሉ።

የአንገቱ ጉብጠት፦ ወፍራሙን ክር በአንድ እጅ 1ኛው ፍሬት ላይ፣ በሌላው እጅ መጨረሻው ፍሬት ላይ ይጫኑ። 7ኛው ወይም 8ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል የቢዝነስ ካርድ ውፍረት፣ ማለትም 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ቢኖር ጥሩ ነው። በአንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አይዞርም። ከጠጠረ አይታገሉት፤ ለባለሙያ ይስጡት።

የክሩ ከፍታ፦ 17ኛው ፍሬት ላይ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። በጣም ሲወርድ ይንጫጫል፤ በጣም ከፍ ሲል እጅ ያደክማል።

ቅኝቱ፦ 12ኛው ፍሬት ላይ የተያዘው ድምፅ ከተለቀቀው ክር እጥፍ ከፍ ብሎ ከተሰማ፣ ብሪጁ ላይ ያለውን የክር ማረፊያ ወደ ኋላ ይውሰዱት። ዝቅ ካለ ወደ ፊት ያምጡት።

ፒክአፑን ከመንቀል በፊት

ክሩና ማስተካከያው ተሠርቶም ድምፁ ካልረካ፣ ምንም ሳይገዛ የሚሞከር ሌላ ነገር አለ። የፒክአፑ ከፍታ ነው። በጎንና ጎኑ ያሉትን ብሎኖች በማዞር ወደ ክሩ ማቅረብ ወይም ማራቅ ይቻላል። ክሩን መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነው ሲለኩ በማግኔቱና በክሩ መካከል ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቢኖር፣ በወፍራሙ ክር በኩል ደግሞ ራቅ ቢል ይመረጣል። ፒክአፑ ሲቀርብ ድምፁ ይጎላል፤ እጅግ ሲቀርብ ግን ማግኔቱ ራሱ ክሩን እየሳበ ንዝረቱን ያውካል፤ ቅኝቱም የሚዋልል ይመስላል። በየሩብ ዙሩ እየተጫወቱ ያዳምጡ።

የባትሪም ነገር አለ። አክቲቭ የሚባሉት ቤዞች በውስጣቸው ባለ 9 ቮልት ባትሪ አለ። ባትሪው ሲደክም ድምፁ ይሰነጠቃል ወይም ይሳሳል። በአብዛኞቹ አክቲቭ ቤዞች ኬብሉ ተሰክቶ እስካለ ድረስ ባትሪው ስለሚሠራ፣ ተጫውተው ሲጨርሱ ኬብሉን መንቀል ያስፈልጋል። መቆጣጠሪያው ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነም የኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ስፕሬይ በቂ ሊሆን ይችላል።

አምፕሊፋየሩም ይመርመር። ቤት ውስጥ ለልምምድ የሚሠራ ትንሽ ስፒከር 41 ሄርዝን በሚገባ ማውጣት አይችልም። ወፍራም ድምፅ የጎደለው ከቤዙ ይሁን ከስፒከሩ ለመለየት ቤዙን ሌላ ቦታ፣ በትልቅ አምፕሊፋየር ወይም በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ መሞከር ይበጃል።

ፒክአፕ መቀየር ሲገባ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥያቄው ተራውን ያገኛል። ፒክአፕ መቀየር የሚያዋጣው በእኔ እምነት በ3 ሁኔታዎች ነው። ነባሩ የተበላሸ ወይም አንዱን ክር ከሌላው አሳንሶ የሚሰማ ሲሆን፣ ጩኸቱ የማይታገሡት ሲሆን፣ ወይም የሚፈልጉትን ድምፅ በግልጽ አውቀው ያለዎት ፒክአፕ ሊሰጥዎ የማይችል ሲሆን ነው።

ዓይነቶቹን ለማወቅ የሊዮ ፌንደርን ሥራ መከተል ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው ፕሪሲዥን ቤዝ አንድ ወጥ ፒክአፕ ነበረው። በ1957 ይህ ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ ግማሽ ሁለቱን ወፍራም ክሮች፣ ሌላው ግማሽ ሁለቱን ቀጭን ክሮች እንዲሰማ ተደረገ። ሁለቱ ግማሾች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለተጠመጠሙ ከውጭ የሚገባውን የኤሌክትሪክ ጩኸት እርስ በርስ ያጠፋሉ። ድምፁ ወፍራምና ደረቱ ሙሉ ነው። በ1960 የወጣው ጃዝ ቤዝ ሁለት ቀጫጭን ፒክአፖች አሉት፤ አንዱ ወደ አንገቱ፣ ሌላው ወደ ብሪጁ። ሁለቱም እኩል ሲከፈቱ ጩኸቱ ይጠፋል፤ አንዱ ሲቀነስ ይመለሳል። በ1976 በሚዩዚክ ማን ስም የወጣው ስቲንግሬይ ደግሞ አንድ ትልቅ ፒክአፕን በባትሪ ከሚሠራ ማጉያ ጋር አቀናጀ።

ፒክአፕ የተቀመጠበት ቦታም ድምፁን ይወስናል። ወደ ብሪጁ በቀረበ ቁጥር የሚሰማው የክሩ መሠረታዊ ድምፅ እየሳሳ፣ ተከታይ ድምፆቹ እየጎሉ ይሄዳሉ። ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የጃዝ ቤዝን የብሪጅ ፒክአፕ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ በመውሰዱ ብቻ የዘመኑ ቤዞች ይበልጥ ስል ድምፅ ይዘዋል። ስለዚህ በፕሪሲዥን ላይ ምርጥ ፒክአፕ ቢገጠም ጃዝ ቤዝ አይሆንም፤ ቦታው አልተለወጠምና።

በማግኔት በኩል አልኒኮ የሚባለው የአሉሚኒየም፣ የኒኬል፣ የኮባልትና የብረት ቅይጥ የቆየውን ለስላሳ ድምፅ ይሰጣል ሲባል፣ ሴራሚክ ደግሞ ጠንከርና ጎላ ያለ ነው ይባላል። ይሁንና ውጤቱን የሚወስኑት ማግኔቱ፣ የሽቦው ዙርና ቅርጹ በአንድነት ናቸው። ሻጮች የሚጠቅሱት የኦም መጠንም የጥራት መለኪያ አይደለም። የፕሪሲዥን ፒክአፕ በአብዛኛው ከ10 እስከ 12 ሺሕ ኦም፣ የጃዝ ደግሞ ከ7 እስከ 8 ሺሕ ኦም ገደማ ነው። ዙሩ ሲበዛ ድምፁ ይጎላል፤ በዚያው ልክ ከላይ ያለው ጥራት ይቀንሳል።

ከአምራቾች መካከል ሲሞር ደንከን፣ ዲማርዚዮ፣ ባርቶሊኒና ኢኤምጂ የታወቁ ናቸው። የኢኤምጂ አክቲቭ ፒክአፖች በባለ 9 ቮልት ባትሪ ስለሚሠሩ ጩኸታቸው እጅግ አነስተኛ ነው። ነገር ግን 25 ሺሕ ኦም መቆጣጠሪያ ይፈልጋሉ፤ በተራው ቤዝ ላይ ያለው 250 ሺሕ ኦም ስለሆነ አብሮ መቀየር አለበት።

ከማዘዝዎ በፊት

ነባሩን ፒክአፕ በሚሊ ሜትር ይለኩ። በጃዝ ቤዝ ላይ የብሪጁ ፒክአፕ ከአንገቱ ፒክአፕ በ3 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በአንዳንድ ርካሽ ቤዞች ላይ ግን ሁለቱም እኩል ናቸው። ይህን ሳይለኩ ማዘዝ እንጨት ወደ መፈልፈል ያመራል። ባለ 5 ክር ቤዝ ደግሞ የራሱ መጠን አለው።

ከመንቀልዎ በፊት የሽቦዎቹን ቦታ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። በቴስተር ኦሙን ይለኩ፤ ምንም የማያሳይ ከሆነ ሽቦው ውስጥ ተበጥሷል ወይም ብየዳው ለቋል። ብየዳው ቢበዛ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ማንኛውም ጥሩ ባለሙያ ከነፎቶው ቢሰጡት ይሠራዋል። ከተገጠመ በኋላ ሁለቱ ፒክአፖች በአንድነት ሲከፈቱ ድምፁ የሚሳሳና ወፍራሙ የሚጠፋ ከሆነ፣ እርስ በርስ እየተጻረሩ ነው ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የአንዱን ሁለት ሽቦ ማቀያየር መፍትሔ ነው። ነባሩን ፒክአፕ በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡት፤ ቤዙን መሸጥ ቢፈልጉ ገዢ ይጠይቅዎታል።

ጩኸቱና ኧርዙ

ብዙዎች ፒክአፕ ለመቀየር የሚነሡት በጩኸት የተነሣ ነው። የእኛ አገር መብራት 50 ሄርዝ ነው። በቤዝ ላይ «ኢ» ክር 3ኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ የሚሰማው «ጂ» 49 ሄርዝ ነው፤ የተለቀቀው «ጂ» ክር ደግሞ 98። ስለዚህ የመብራቱ ጩኸትና እጥፉ ከሁለቱ ድምፆች አጠገብ ይቀመጣል፤ ከሙዚቃው ለመለየትም ያስቸግራል።

ጩኸቱ ክሩን በእጅ ሲነኩ የሚቀንስ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የጎደለው ከፒክአፕ ይልቅ መከለያ ነው፤ የኤሌክትሮኒክሱን ጎድጓዳ ክፍል በመዳብ ወረቀት ሸፍኖ ከኧርዙ ጋር ማገናኘት ብዙ ይረዳል።

ከድምፅ ጥራት በላይ የሆነ ነገርም አለ። የቤዙ ክር በብሪጁ በኩል ከአምፕሊፋየሩ ኧርዝ ጋር የተገናኘ ነው። ሕንፃው ኧርዝ ከሌለው ወይም ሦስተኛው የሶኬት እግር ከተቆረጠ፣ ክሩን የያዘ ሰው ከንፈሩ ማይክሮፎን ሲነካ ኤሌክትሪክ ሊመታው ይችላል። ጩኸት ለማጥፋት ብሎ የኧርዙን እግር መቁረጥ በሕይወት መቀለድ ነው። አዳራሽ ውስጥ ክሩን ሲነኩ ንዝረት ከተሰማዎ ጨዋታውን አቁመው መብራቱን ያስመርምሩ።

የቆየ ቤዝ ላለው

ከአባት ወይም ከቀድሞ ባንድ የተገኘ አሮጌ ፌንደር፣ ጊብሰን ወይም ያማሃ ያለው ሰው ግን ምክሬ ይለያል። ክሩን ይቀይር፤ ያስተካክል፤ ፒክአፑን ግን አይንካ። ሰብሳቢዎች የሚከፍሉት ለነባሩ ዕቃ ነው። ያልተነካ ብየዳ፣ ያልተቆፈረ እንጨት፣ ያልተለወጠ ፒክአፕ ያለው መሣሪያ ከተለወጠው ይበልጥ ይወደዳል። የተበጠሰ ፒክአፕም ቢሆን በድጋሚ ሊጠመጠም ስለሚችል መጣል የለበትም።

በመጨረሻ

ለውጡን በጆሮ ትዝታ መመዘን ያታልላል። እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ይህ ነው። ቤዙን በቀጥታ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ፣ ቮሊዩምና ቶን ሙሉ በሙሉ ከፍቼ፣ አንድ አጭር መስመር እቀርጻለሁ። ክር ስቀይር ያንኑ መስመር እደግማለሁ። የፒክአፑን ከፍታ ሳስተካክልም እንዲሁ። ቅጂዎቹን እኩል ድምፅ ላይ አድርጌ አዳምጣለሁ፤ የጎላ ነገር ሁሉ የተሻለ ስለሚመስል። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እለውጣለሁ።

ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙውን ጊዜ ትልቁን ልዩነት የሚሰማው የመጀመሪያው እርምጃ ላይ፣ ክሩ ሲቀየር ነው። ያ በቂ ከሆነ ለፒክአፕ ያሰበውን ገንዘብ ለተጨማሪ ክር፣ ለጥሩ ኬብል ወይም ለሙዚቃ ትምህርት ያውለው። በቂ ካልሆነም ፒክአፕ ሲያዝዝ ምን እንደጎደለው በቅጂ ይዞ፣ በሚሊ ሜትር ለክቶ፣ የሚፈልገውን አውቆ ያዝዛል።